ፎቶ ያልነበራት እናት

እስራኤል ውስጥ፣ ፖሌግ በሚባል የፋብሪካ ሰፈር፣ ዕቃ በማሸግ ነው የምተዳደረው። ከሥራ ስመለስ የሰው ፊት በእርሳስ እስላለሁ። የጀመርኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ሰው ፊቱን ለማሳመር አይጨነቅም፤ ድካሙም ሐሳቡም እንዳለ ይታያል። ቀለም ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። እርሳስ ይታገሣል። ሲበላሽ በላጲስ አጥፍቼ እንደገና እጀምራለሁ።

የምንኖረው ኪርያት ኖርዳው የሚባል ሰፈር፣ አሮጌ ሕንፃ ላይ ነው። ከእኛ በታች ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» የሚላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ዓርብ፣ ሻባት የሚሉት የቅዳሜ ሰንበት ሳይገባ፣ በሬን አንኳኩ።

«አንቺ ነሽ አሉ ሰው የምትስይው?»

«አዎ አባባ፣ ይግቡ።»

ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። «የሞተ ሰውስ ትስያለሽ?»

«ፎቶ ካለ እሞክራለሁ።»

«ፎቶማ ቢኖር አንቺ ዘንድ ምን አመጣኝ?»

ባለቤታቸው ያረፈችው አዲስ አበባ ነው። ከጎንደር ገጠር ወጥተው፣ ወደ እስራኤል የሚወስዳቸውን ቀን በኪራይ ቤት ሲጠብቁ ታመመች፤ አውሮፕላኖቹ ሳይደርሱ ሞተች። እሳቸው ትንሿን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሚስታቸው በኖረችበት ዘመን ሁሉ ፎቶ አንሺ ፊት ቆማ አታውቅም።

«በየዓመቱ አዝካራዋን፣ ተዝካሯን፣ አወጣለሁ» አሉኝ። «ቄሱ ይጸልያሉ፤ ሰው ይበላል፤ ይሄዳል። በሰው ቤት የሟቹ ፎቶ ይቀመጣል። እኔ ቤት ግን ሰው የሚያየው ነገር የለም።»

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና ወረቀት አወጣሁ። ፊቷ ክብ ነው ወይስ ረዘም ያለ? ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ደግ ሴት ነበረች።»

«አፍንጫዋስ?»

«ቆንጆ ነበረች።»

እንዲህ ሆነን ብዙ ቆየን። በኋላ ጥያቄዬን ለወጥኩ። ስትናደድ ምን ታደርግ ነበር? ስትስቅስ? ያን ጊዜ ከወንበራቸው ተነሡ፤ የነጠላ ጫፍ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። «የፊት ጥርሷ ተሸርፎ ነበር። በእሱ እያፈረች እንዲህ ትሸፍነው ነበር። ዓይኗ ግን ይስቃል።» አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳትም በጣታቸው በራሳቸው አንገት ላይ አሳዩኝ።

ብዙ ጊዜ እየወረዱ እየወጡ መጡ። ሠርቼ ባሳየኋቸው ቁጥር «አይደለችም» ይሉኛል። በመጨረሻ ወረቀቱን ገለበጡትና «እውነቱን ልንገርሽ ልጄ» አሉ። «ፊቷ እየጠፋብኝ ነው። በሕልሜ እንኳ የማያት ከጀርባዋ ነው።»

ልጃቸውን ላያት ፈለግሁ። በግንባሯ እናቷን ትመስላለች ብለውኝ ነበር። ዶራ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ የሕፃናት መዋያ ውስጥ ትሠራለች። ደውዬላት፣ አባቷ እኔ ዘንድ ሳሉ መጣች፤ ደስ ብሏት ግን አልነበረም። ቁጭ ብላ በዕብራይስጥ «አባቴ ስለ እናቴ አውርቶኝ አያውቅም» አለችኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሥዕል አየችና ወደ አማርኛ ተመለሰች።

«ይቺን አላውቃትም። የእኔ እናት ጉንጯ የጎደጎደ ነው። ዓይኗም የገባ። ፍራሽ ላይ ነው የማስታውሳት።»

አባቷ ደነገጡ። «ያን ታስታውሻለሽ? ተኝተሽ ነበር እኮ!»

«አልተኛሁም። በማንኪያ ውሃ ስታጠጣት አይህ ነበር።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «እንድትረሺው ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ» አሉ።

«እኔም እንዳታለቅስ ብዬ ነው ያልጠየቅኩህ።»

እርሳሴን አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት እኔን የሚመለከት አልነበረም፤ ወጥ ቤት ገብቼ ሻይ ጣድኩ። የውሃው ድምፅ እያለ እንኳ እሳቸው ሲያወሩ፣ እሷም «እሺ፣ ከዚያስ?» ስትል ይሰማኝ ነበር።

ሻዩን ይዤ ስመለስ ልጅቷ አባቷን አንገቷን ዘንበል አድርጋ እያዳመጠች ነበር። አዲስ ወረቀት ወስጄ በዚያው አኳኋኗ ጀመርኩ። ግንባሩንና አገጩን ከእሷ ወሰድኩ፤ የዓይኑን ሣቅ ሽማግሌው ከነገሩኝ። ጉንጯን እሳቸው የሚያውቋትን ያህል አልሞላሁትም፤ ልጅቷ የምታስታውሰውንም ያህል አላጎደጎድኩትም። ጥላውን በጣም ስስ አድርጌ ተውኩት። የማላውቀውን ቦታ ማጥቆር ድፍረት መሰለኝ።

አባባ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወሰዱት። «ዓይኗ ትንሽ ይጥበብ» አሉ። አጥፍቼ አጠበብኩት።

«ትመስላለች» አለች ልጃቸው።

«ትመስላለች እንጂ እሷ አይደለችም» አሉ። ወረቀቱን ወደ ጠረጴዛው መለሱና «ይሁን። ከእንግዲህ ሰው የሚያየው ፊት አላት» አሉኝ።

በአዝካራው ቀን ሥዕሉን መደርደሪያው ላይ አቆሙት። ሰዎች ሲገቡ መጀመሪያ እሱ ፊት ይቆማሉ፤ ከዚያ ነው የሚቀመጡት። ልጅቷ ለልጆቿ ስለ ንቅሳቱ ስትነግራቸው ሰማኋት። አባቷ በመካከል እየገቡ ያርሟት ነበር። እኔ አንድ ጥግ ተቀምጬ ሥዕሉን ሳየው ጉድለቱ ሁሉ ታየኝ፤ አገጩ ከብዷል፤ ነጠላው ደንድኗል። ማንም ያን አላየም።

ከዚያ ወዲህ በሬ ይንኳኳል። አዲስ አበባ ሲጠብቅ ዘመድ የሞተበት፣ በመንገድ የቀረበት ይመጣል። ለሥዕሉ ብቻ ብለው የሚመጡ አይመስለኝም። ስለ ሟቹ አፍንጫ፣ ስለ ሣቁ፣ ስለ አረማመዱ የሚጠይቃቸው ሰው የለም። ልጆቻቸው ሥራ አለባቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው አማርኛው ይከብዳቸዋል። እኔ ግን ካልጠየቅኩ መሳል አልችልም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አሮጊት መጡ። የሞተ ወንድማቸውን ማሳል ነው የሚፈልጉት። መልኩ እንዴት ነበር ስላቸው እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ቆይተው ግን ፊታቸው ፈታ አለ።

«ጆሮው» አሉ፤ «ጆሮው ትልቅ ነበር፤ ታውቂያለሽ? እናታችን ሳትቀር ትስቅበት ነበር።»