አስራት የተቀበረበት ረድፍ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። በካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ተሰጥቶት ነበርና እኛም በቁጥሩ እንጠራው ነበር። ከሥሩ የደረቀ ወንዝ፣ ከወገቡ በላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከአናቱ ላይ የጠላት ምሽግ። ዛፍ የለውም። የዳሞታ ተራራን አረንጓዴ ጎን እያየን ላደግን የወላይታ ልጆች ያንን የድንጋይ ክምር ተራራ ብሎ መጥራት ይተናነቀን ነበር።

በድንበሩ ጦርነት ጊዜ እኔ አሥር አለቃና የጓድ መሪ ነበርሁ። ከጦርነቱ ከተመለስሁ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ ሶዶ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግያለሁ፤ ስለ ኮረብታው ግን በቢሮም ሆነ በቤት ብዙ ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ባለፈው ክረምት በአንድ ለቅሶ ላይ በተነሣ ጥያቄ ምክንያት ነው። ሟቹ በስተርጅና ቤተ እምነታቸውን የቀየሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ድንኳኑ ውስጥ ወጣቶቹ «ድነዋል፣ አልዳኑም» እያሉ ሲከራከሩ ቆዩና አንዱ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ሞት አይተዋል። ሰው የሚድነው በየትኛው ነው?» አለኝ። የለቅሶ ቤት ነውና መልሱን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት። ለእርሱና ለእኩዮቹ ያለኝ መልስ የሚከተለው ነው።

በጓዴ ውስጥ ሁለት የአገሬ ልጆች ነበሩ። ዳልኬ የገሱባ ገበሬ ነው፤ በአጥቢያው መዘምራን ውስጥ ያደገ ጴንጤ፣ ረጅም፣ ሲናገር የማይቸኩል፣ በጓዱ ውስጥ መትረየስ ተሸካሚ። አስራት የሶዶ ልብስ ሰፊ ነው፤ አያቱ ከሰሜን በሹመት መጥተው በዚያው የቀሩ ኦርቶዶክስ። እኔ ራሴ የወንጌላውያን ልጅ ነኝ፤ ሆኖም አጥራችን ከኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጋር ይዋሰን ስለነበር በልጅነቴ ከእንቅልፌ የምነቃው በቅዳሴ ድምፅ ነበር።

አስራት ከመዝመቱ በፊት ያገባት ማርታን ነው። ማርታ የበዴሳ ልጅ ስትሆን አባቷ አቶ ሳና የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አቶ ሳና ልጃቸውን ለመስጠት ሁለት ነገር ጠየቁ። አስራት ማተቡን ከአንገቱ እንዲያወጣና በእነርሱ ሥርዓት እንዲጠመቅ። ለጥምቀቱ ከዘመቻ እስኪመለስ ጊዜ ተሰጠው። ማተቡን ግን በሠርጉ ዋዜማ አወጣ። አወጣው እንጂ አልጣለውም። የወታደር ሸሚዝ በተሰጠው ቀን የአንገትጌውን ሽፋን ፈትቶ፣ ማተቡን ከውስጥ አስተኝቶ፣ መልሶ ሰፋው። ስፌቱ ከፋብሪካው ስፌት አይለይም ነበር። አማቱ ማተቡ የተጣለ ይመስላቸዋል። ሶዶ ያሉት እናቱ፣ እትዬ አልማዝ፣ ልጃቸው ማተቡን እንደበጠሰ ከሰው ሰምተው ያዝናሉ። እርሱ በሁለቱ መካከል ሆኖ ዘመተ።

ረቡዕና ዓርብ የሥጋ ቆርቆሮ ሲታደል አስራት ድርሻውን ለዳልኬ እየሰጠ ኮቾሮውን፣ ያንን ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ በውሃ አርሶ ይበላ ነበር።

«የአንተ ጾም የጠቀመው እኔን ነው» ይለዋል ዳልኬ አፉን ሞልቶ። «ለነፍስህ ምን እንደጠቀማት ግን እንጃ።»

«ዝም ብለህ ብላ። ሰማይ ቤት ስትደርስ ማን እንዳደለበህ ትናገራለህ።»

«እኔስ እደርሳለሁ። ያሳሰብኸኝ አንተ ነህ።»

የቀረው ጓድ ይስቃል። ዳልኬ ግን አይቀልድም ነበር። ጌታን በአፉ መስክሮ ያልተቀበለ ሰው እንደሚጠፋ ከልቡ ያምን ነበር፤ አስራትን ደግሞ ከልቡ ይወድ ነበር። እነዚህ ሁለት ነገሮች እንቅልፍ ይነሡት እንደነበር ጎኑ የተኛሁ እኔ አውቃለሁ።

የመንቀሳቀስ ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ እናጠቃለን። ኦርቶዶክሶቹ ንስሐ ሊገቡ ካህኑን ፈለጉ፤ ካህኑ ግን ወደ ሌላው ሻለቃ አልፈዋል ተባለ። አስራት ባዶውን ተመልሶ አጠገባችን ተቀመጠ። አንገትጌውን በጣቱ ይነካካ ነበር።

«ልፍታውና ልሰረው ይሆን?»

«ክር ነው» አለ ዳልኬ። «ክር አያድንም።»

«ክር ከሆነ አማቴ ለምን ፈሩት?»

አስራት ወደ እኔ ዞረ።

«አሥር አለቃ፣ ከቀረሁ ቤቴ ሄደህ የምትናገረው አንተ ነህ። እናቴ ማተቡ አንገቱ ላይ ነበር ወይ ትልሃለች። አማቴ ጌታን ተቀብሎ ነው ወይ የሞተው ይሉሃል። ማርታ የሁለቱንም መልስ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ያልሆንሁትን አታድርገኝ። የሆነውን ንገራቸው።»

ቃል ገባሁለት። ማተቡን አልፈታውም። መርፌ በጨለማ አይሠራም ብሎ ተወው።

ጎህ ሲቀድ ወንዙን ተሻገርን። የመጀመሪያው የመቶ ጦር ከፊታችን ነበር። ፈንጂ ላይ ወጡ። እኛ በእነርሱ ፈለግ ገባን። መትረየስ ከቀኝ አገኘን፤ ተኛን። ዳልኬ መለሰለት፤ ጸጥ አለ። ተነሣን። ሞርታር ጀመረ። ከእኛ አንዱ ወደቀ። ቀጠልን። ፀሐይ ስትወጣ የኮረብታው ወገብ ላይ ነበርን። ከዚያ በላይ መሄድም ወደ ኋላ መመለስም አልተቻለም። በየድንጋዩ ሥር ተለጠፍን።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ አስራት ተመታ። ሆዱ ላይ ነው። ዳልኬና እኔ በእግሩ ጎትተን ወደ አንድ ጎድጓዳ ቦታ አስገባነው። ያለንን ፋሻ ሁሉ አሠርንለት። ቃሬዛ መምጣት አልቻለም። ቀና ያለ ሁሉ ይመታ ነበር። እንደማይተርፍ ሦስታችንም አውቀናል።

ብዙ ሳይቆይ አስራት ካህን ጠየቀ። የለም አልሁት። ጥቂት ቆይቶ ዳልኬን ተመለከተ።

«እንደምትለው ነው እንዴ? ጠፋሁ?»

ዳልኬ ዕድሜውን ሁሉ ለዚህች ጥያቄ የተዘጋጀ ሰው ነበር።

«አስራት፣ ስማኝ። ጊዜ አለህ። ጌታን ተቀብያለሁ በል። ከእኔ በኋላ በል።»

አስራት ዓይኑን ከእርሱ ላይ አላነሣም።

«መቼ ተውሁት?» አለ።

ሞርታሩ ሁለት ጊዜ ከበላያችን አለፈ። የዳልኬ ፊት ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ በትክክል ልገልጸው አልችልም፤ የተረታ ሰው ፊት አልነበረም።

«አላውቅም» አለው በመጨረሻ። «ልዋሽህ አልችልም። እኔ አላውቅም። እርሱ ግን ያውቅሃል።»

አስራት በዓይኑ አዎ አለ። ከዚያ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ።» በአውራ ጣቱ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነካ ይቆጥር ነበር። ጥቂት እንዳለ ምላሱ ደረቀ። ጣቱ አንጓው ላይ ቆመ፤ ዓይኑ ግን ዳልኬን ይለምነው ነበር።

«ምን እያለ ነው?» አለኝ ዳልኬ።

«አቤቱ ማረን ማለት ነው። አርባ አንድ ጊዜ ይባላል። መጨረስ ፈልጓል።»

ዳልኬ እንዲህ ያለውን የተቆጠረ ጸሎት ከንቱ ድግግሞሽ ነው እያለ ስንት ጊዜ ሲነቅፍ ሰምቼዋለሁ። የአስራትን እጅ ወሰደ። አውራ ጣቱን ይዞ ወደሚቀጥለው አንጓ አሻገረለት። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አለ፤ በገሱባ አፍ፣ ቃሉን እየሰባበረ። ሲሳሳት አረምሁት። እንደገና አለ። በመካከሉ አስራት አረፈ፤ እኔ ትንፋሹ ሲቆም አየሁ። ዳልኬም አይቷል። ግን አላቆመም፤ ያንን እጅ ይዞ እስከ አርባ አንድ ቆጠረ። ከዚያ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ በወላይትኛ «ጎዳው፣ ጎዳው» አለ። ጌታ ሆይ ማለት ነው።

ወደ ማታ ኮረብታው በሌላ ሻለቃ ተያዘ። በማግሥቱ ጠዋት ሙታናችንን ሰበሰብን።

የአቀባበር ልማድ ነበረን። የቀባሪው ጓድ መጀመሪያ የሚያየው አንገት ነው። ማተብ ያለበት በአንድ ረድፍ። ማተብ የሌለው ክርስቲያን በሌላ ረድፍ። ሙስሊሞቹ ለብቻ፣ እንደ ሥርዓታቸው። ስም ለማጣራት ጊዜ አልነበረም፤ አንዳንዱም ፊት አልነበረውም። አስራት ጋ ሲደርሱ የቀብሩ ኃላፊ መቶ አለቃ አንገቱን አይተው «ባዶ ነው፤ በዚያኛው በኩል» አሉ።

«ይቆዩ፣ ጌታዬ» አለ ዳልኬ።

ተንበርክኮ የአንገትጌውን ስፌት በሳንጃ ጫፍ መፍታት ጀመረ። ትላልቅ ጣቶች ነበሩት፤ ጨርቁን ላለመቅደድ በጣም ተጠነቀቀ። ማተቡ ላብና ደም ጠጥቶ ነበር። አንገቱ ላይ አዙሮ አሰረለት። መጀመሪያ ያሰረው ላላ፤ ፈትቶ እንደገና አጠበቀው።

መቶ አለቃው በመገረም አዩት። «አንተ ጴንጤ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ፣ ጌታዬ። እርሱ ግን አይደለም።»

አስራት በባለ ማተቦቹ ረድፍ ተቀበረ።

ዳልኬ ከሦስት ቀን በኋላ በመልሶ ማጥቃቱ ሞተ። ማለዳ ነበር፤ ምሽጉ ላይ ቀጥታ የወደቀ የሞርታር ጥይት ነው። የተናገረው ቃል የለም። በሌላኛው ረድፍ ቀበርነው። ከጓዱ ጴንጤዎች ከእኔ በቀር በሕይወት የቀረ ስላልነበረ መዝሙሩን ብቻዬን ዘመርሁ። ድምፄ ለመዝሙር የሚሆን አይደለም።

ከዘመቻ እንደተመለስሁ መጀመሪያ የሄድሁት በዴሳ ነው። አቶ ሳና በረንዳቸው ላይ ተቀበሉኝ። ማርታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። መርዶው ቀድሞኝ ስለነበር ለቅሶው አልፏል። እርሳቸው ውሃ እንኳ ሳያስቀርቡልኝ ጠየቁ።

«ጌታን ተቀብሎ ነው የሞተው?»

በእኛ አካባቢ የጥያቄውን ክብደት ሁሉም ያውቀዋል። አዎ ካልሁ በሚቀጥለው እሑድ የአስራት ስም በጉባኤ ፊት ወደ ጌታ ከሄዱት ጋር ይጠራል፤ መዘምራኑም ለማርታ ይቆሙላታል። አዎ ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ከላይ የጻፍሁትን፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ፣ ነገርኋቸው።

አቶ ሳና ሰምተው ሲጨርሱ መሬት መሬት አዩ። «ስለዚህ አልተቀበለም» አሉ።

«ያለውን ነው የነገርኋችሁ።»

«አባዬ» አለች ማርታ። «መቼ ተውሁት ያለ ሰው ሌላ ምን ይጠየቃል?»

«ልጄ፣ እኔ እርግጠኛ ያልሆንሁትን በጉባኤ ፊት ማወጅ አልችልም።»

«ዳልኬስ?»

«ዳልኬ የእኛ ነው። እርሱ ድኗል።»

«ዳልኬ አላውቅም ብሏል» አለች። «አንተ እንዴት አወቅህ?»

በዚያ እሑድ የዳልኬ ስም በገሱባ ተጠራ። የአስራት ስም በበዴሳ አልተጠራም። ማርታ ልብሷን ሰብስባ ሶዶ፣ አማቷ ቤት ገባች፤ ወደ አባቷም ለብዙ ዓመታት አልተመለሰችም።

እትዬ አልማዝም አስራት እንዳለው ስለ ማተቡ ጠየቁኝ። ለሠርጉ ማውጣቱንም፣ መስፋቱንም፣ ማን እንዳሰረለትም ነገርኋቸው። ማውጣቱን ሲሰሙ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቆይተው ሲገልጡት «ያሰረለት ልጅ እናት አለችው?» አሉ። አለችው አልሁ። በሳምንቱ ከማርታ ጋር ገሱባ ድረስ በዚያ ክፉ መንገድ ሄደው በዳልኬ እናት ቤት፣ በጴንጤዎቹ መዝሙር መካከል፣ ለቅሶ ተቀመጡ። መዝሙሩን አያውቁትም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

እትዬ አልማዝ ሲያርፉ አቶ ሳና ሸምግለው በምርኩዝ መጡ። ወደ ኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከአስከሬኑ ጋር ገቡ፤ ከዚያ በፊት ገብተው አያውቁም። ከቀብሩ በኋላ ማርታ አጠገብ ቆሙ፤ አልሸሸቻቸውም፤ አላናገረቻቸውምም። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው «ያ ልጅ ያለውን እስቲ ድገምልኝ» አሉኝ። የአስራትን «መቼ ተውሁት» ደገምሁላቸው።

«አሁንም መልሱን አላውቀውም» አሉ። «ያኔ ግን እንደሚያውቅ ሰው ነበር የፈረድሁት።»

ሌላ አልተናገሩም። በዓመቱ አረፉ። ማርታ ቀብራቸው ላይ ነበረች።

በዚያ ኮረብታ ላይ ከጓዴ አምስት ሰዎች ሞቱ። ሁለቱ በባለ ማተቦቹ ረድፍ፣ ሁለቱ በሌላኛው ረድፍ፣ አንዱ በሙስሊሞቹ በኩል ተቀብረዋል። በረድፎቹ መካከል የነበረው ርቀት ቃሬዛ የያዙ ሁለት ሰዎች የሚያልፉበት ያህል ነው።

ወጣቶች ቤተ እምነት ልዩነት የለውም አልሁ ብለው እንዳይረዱኝ እሻለሁ። እኔ በተወለድሁበት ቤተ ክርስቲያን እጸልያለሁ፤ በእርሷም መሬት ልቀበር ተናዝዣለሁ። አስራትና ዳልኬም ልዩነት የለውም አላሉም፤ እያንዳንዳቸው በገዛ ረድፋቸው ተኝተዋል። እኔ ልመሰክር የምችለው አንዱ ለሌላው በዚያች ሰዓት ያደረገውን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የማውቀው ነገር የለም፤ ያወቁትም አልተመለሱም።