ተመልሶ የመጣው አውራ ዶሮ

ባለፈው ሳምንት ከሲቀላ ገበያ ስመለስ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ባለፎቶ የሐዘን ማስታወቂያ አየሁ። የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልም፤ ፊደል ዘግይቶ የቆጠረ ሰው አመል ነው። ጠጋ ብዬ ሳይ ጋሽ ዘውገ ናቸው። የያዝኩት የሽፈራው ቅጠል አምልጦኝ መንገዱ ላይ ተበተነ። እሁድ ዕለት እኮ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ብለውኛል!

ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «በጤናው ሥራ ለሕዝባችን ታላቅ ውለታ የዋሉ» ይላል። ውለታ የምትለዋ ላይ ስደርስ በድንጋጤዬ ላይ ንዴት ተጨመረ። እኒህ ሰው ይችን ቃል ምን ያህል እንደሚጠሏት ከመንደሬ ከላንቴ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም።

ያን ጊዜ እኔ ለማግባት የደረስኩ ልጅ፣ ገና አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ እቀመጥ ነበር። ዝናቡ ባረፈ ሰሞን ነው፤ የወደቀው ማንጎ መሬት ላይ ይሸታል፣ ትንኙም ይበረታል። እናቴን ወባ ጣላት። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፤ ኋላ የሞቱ ዘመዶቿን እየጠራች ታወራ ጀመር። የምትወደውን ፎሰሴ፣ ያን የሽፈራው ቅጠልና የበቆሎ ዱቄት አብሮ የሚበስልበትን፣ ሠርቼ ባቀርብላት «ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለች።

አጎቴ ሻንካ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጎረቤት ጠርቶ ቃሬዛ አሠራ። አንድ ዘለላ ሙዝ ከጓሮ አስቆረጠ። ከዚያ ቀዩን አውራ ዶሮ ማሳደድ ያዘ።

«እሷ እየሞተች አንተ ዶሮ ታሯሯጣለህ?» አልኩት እያለቀስኩ።

«ባለሥልጣን ፊት ባዶ እጅሽን ትቆሚያለሽ? አራተኛ ክፍል ይሄን አላስተማረሽም?»

ጤና ጣቢያው ያለው ጎረቤት መንደር፣ ጫኖ ነበር። መንገዱ ጭቃ፣ ግራ ቀኙ የሙዝ ማሳ። ሰዎቹ ትከሻ እየተለዋወጡ ተሸከሟት። ዶሮው በአጎቴ ብብት ሥር ሆኖ ይጮኻል፤ እናቴ ግን ድምፅ የላትም።

ጋሽ ዘውገ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። ከሰሜን ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ወጣት። እናቴን አልጋ ላይ አስተኝተው ዓይኗን ገልጠው አዩ። ይኼኔ አጎቴ ጎንበስ ብሎ ሙዙንና ዶሮውን እግራቸው ሥር አኖረ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይሄን አውጡልኝ! አሁኑኑ!» ብለው ወደ መድኃኒት ክፍል ገቡ።

የአጎቴ ፊት አመድ መሰለ። በእኛ ቤት እጅ መንሻ የተቀበለ ሰው ነገሩን ተሸከመው ማለት ነው፤ የመለሰ ደግሞ እጁን ታጠበ። ሐኪሙ እናቴን አይቶ ዶሮውን ከመለሰ፣ ሞቷን አይቷል። ሌላ ትርጉም ለማናችንም አልታየንም፤ ተማርኩ ለምለው ለእኔም ጭምር።

«ሰው ቤት አትሞትም» አለ አጎቴ። «አንሷት።»

አነሷት። ዶሮውንም ሙዙንም ይዘን ከግቢው ወጣን። ማንጎው ዛፍ ጋ ስንደርስ ከኋላችን የሚሮጥ ሰው ሰማን። ጋሽ ዘውገ በአንድ እጃቸው የግሉኮስ ከረጢት እንደያዙ መጥተው የቃሬዛውን እንጨት ጨብጠው ቆሙ።

«ወዴት ነው የምትወስዷት? አብዳችኋል?»

አጎቴ በጋሞኛ የመለሰውን እኔ እየተንተባተብኩ በአማርኛ አልኩት፦ «እጅ መንሻውን መለሱት። እንግዲህ ቤቷ ትሙት ነው የሚለው።»

እንደዚያ የደነገጠ ሰው አላየሁም። አንዴ ዶሮውን አንዴ እናቴን አዩ። ቁጣቸው የት እንደገባ እንጃ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ንገሪያቸው። አባባ፣ በሬዎ ጠፍቶ እኔ ግቢ ቢገባ፣ ሊወስዱት ሲመጡ ዶሮ ይዘውልኝ ይመጣሉ?»

«ለምን ብዬ!» አለ አጎቴ። «የገዛ በሬዬን?»

«ሕክምናውም የእሷ ነው። እኔ ጠባቂው ነኝ። ለባለቤቱ ስመልስ ምን ውለታ አለው?»

አጎቴ አሰበ፤ ሽንፈት አይወድም። «በሬው ግን ሣርህን ሳይበላ አይቀርም፤ ለሣሩ የሆነ ነገር…»

«ሣሩም የመንግሥት ነው!» አሉ ጋሽ ዘውገ፤ ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ የአንዱን ተሸካሚ ቦታ ቀምተው ራሳቸው ከቃሬዛው ሥር ገቡ። ባለሥልጣን እናቴን ሲሸከም! አጎቴ ጭንቅላቱን ይዞ ከኋላ ተከተለ።

መርፌውና ግሉኮሱ ሠሩ። ላብ አጠመቃት፣ ኋላ ዓይኗን ገለጠችና ስሜን ጠራች፤ «አስቴር፣ ይሄ ዶሮ የኛ አይደል እንዴ?»

ሲሻላት ወደ ላንቴ ተመለስን። አጎቴ ዶሮውን ታቅፎ ከፊት ይሄዳል። ጎረቤቶቻችን ገና ከሩቅ የተመለሰውን ዶሮ ሲያዩ ደረታቸውን እየመቱ ዋይታቸውን አቀለጡት፤ እናቴ ከኋላችን በራሷ እግር ብቅ ስትል ዋይታው አየር ላይ ደርቆ ቀረ።

ጋሽ ዘውገ ኋላ ትልቅ ቢሮ ገቡ። በየስብሰባው «ጤና ሰብዓዊ መብት ነው» ሲሉ ሰው እንደ መፈክር ያጨበጭብላቸዋል፤ ለእኔ ግን ሁልጊዜ የሚታየኝ ያ የሰው ግቢ የገባ በሬ ነው።

ትናንት ሴቻ ሰፈር፣ ጋሽ ዘውገ ቤት ለልቅሶ ሄድኩ፤ ከላንቴ ያስመጣሁትን ሙዝ ይዤ። በሩ ላይ ጥቂት ቆምኩ። ምን እንደምጠብቅ ያወቅሁት ልጃቸው ወጥታ እጇን ስትዘረጋ ነው።

«እትዬ አስቴር፣ ለምን ተቸገሩ?» አለችና ሙዙን ተቀብላ ይዛ ገባች።

አውጡልኝ የሚል የለም። ጋሽ ዘውገ መሞታቸውን ያመንኩት ይኼኔ ነው። ያን ጊዜ እናቴን ከነሕይወቷ፣ ዶሮውንም ሙዙንም ይዘን ነበር ቤታችን የገባነው። ትናንት ባዶ እጄን ተመለስኩ።