ሽቅብ የሚፈሰው ወንዝ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ልደታ ሰፈር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያን ቀን ያገኘኋቸውን ሴት ግን አልረሳኋቸውም።

እኔና ሦስት የሰፈሬ ልጆች በሌለ አገር ውስጥ የሚካሄድ ጨዋታ እንጫወት ነበር። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀረነው ጀግኖች ነን። «ተራራው ሥር ደርሳችኋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይለናል ተራኪው። እኛ እንመልሳለን፤ ማምለጥ ወይም መሞታችንን የሉዶ ዳይስ ይወስናል። ጨዋታውን ያመጣልን አጎቱ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የክፍላችን ልጅ ነው። ካርታው ግን የእኔ ሥራ ነበር።

የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ኮንቱር ካስተማሩን ጀምሮ እጄ አላርፍ ብሎ ነበር። ከፍታና ዝቅታውን በቀጫጭን መስመሮች እያጠማዘዝኩ፣ ምሽግ፣ ድልድይ፣ የንጉሡ ጦር ሰፈር እያልኩ አንድ ትልቅ ወረቀት ሞላሁ። ደህና ተራራ መፍጠር ሲያቅተኝ ከከተማችን በስተምዕራብ ያለውን ወጨጫን ከትምህርት ቤት ካርታ ላይ ገለበጥኩና ሌላ ስም ሰጠሁት።

አንድ ቅዳሜ ካርታዬን ጠቅልዬ ወደ አብነት ሰፈር ስሄድ አብዮት ጥበቃዎች አስቆሙኝ። አንደኛው ወረቀቱን ዘረጋ። «የንጉሡ ጦር ሰፈር» የሚለውን አነበበና ጓደኛውን አየው። በንጉሥ አገር አልነበረም ያለነው። ቀበሌ ወሰዱኝ።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ያ ደግሞ ይብሳል።

«የት አገር ነው ይሄ?»

«የትም አይደለም። ጨዋታ ነው።»

«ጦር ሰፈር ጨዋታ ነው?»

 ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ እንዲወስዱኝ አዘዘ። እዚያ ገብቶ ቶሎ የወጣ ሰው አላውቅም ነበር። 

ጥግ ላይ መታወቂያ ለማደስ ተራ የሚጠብቁ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ተነሡ።

«ጓድ፣ እኔ ካርታ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። ልየው?»

ጣታቸው መስመሮቹን እየተከተለ ሄዶ ወጨጫ ላይ ቆመ። አወቁት። ቀና ብለው አዩኝ። አበቃልኝ አልኩ። ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው ወንዙ ላይ አደረጉት።

«ይመልከቱ፤ ይሄ ወንዝ ከቆላው ተነሥቶ ሽቅብ ነው የሚፈሰው። እንዲህ ያለ አገር የለም። ልጅ የሞነጫጨረው ነው።»

በዚያ ወንዝ እኮራ ነበር። ስህተት መሥራቴ ግን እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም።

ሊቀመንበሩ ጢሙን አሻሸ። «ነገ ሌላ ነገር ቢገኝበትስ? ዋስ አለው?»

አባቴ ክፍለ ሀገር፣ እናቴ ለቅሶ ሄደው ነበር። 

«እኔ አለሁ» አሉ ሴትዮዋ።

የዚያ ዘመን ዋስትና ቀልድ አልነበረም። እኔ ባጠፋ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ሰው ለገዛ ወንድሙ ዋስ ለመሆን ሲያቅማማ አይቻለሁ። እሳቸው ግን ብዕር ተቀብለው ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ስምህን ማን ልበል?» አሉኝ።

ካርታው እዚያው ቀረ። እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በቅጡ እንኳ ሳላመሰግናቸው ወጣሁ። ቀበሌ ሄዶ መጠየቅ ነገሩን መቀስቀስ ስለነበር፣ እናቴ በሳምንቱ ሰፈሩን ሁሉ ብትጠይቅም አላገኘቻቸውም።

ዛሬ ሸብቻለሁ፤ ልጆችም አድርሻለሁ። ይህን ሁሉ ያየሁት ስሜን እንኳ ሳያውቁ ዋስ በሆኑኝ ሰው ፊርማ ነው። ሰው በጸሎት የሚነሣው በክርስትና ስሙ ነበር፤ የእሳቸውን ስም ግን ዓለማዊውንም አላውቅ። ስለዚህ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በቆምኩ ቁጥር «እመቤቴ፣ ዋሴን አስቢልኝ» እላለሁ። ማንን ማለቴ እንደሆነ እሷ ታውቃለች።