በቢሮው አግዳሚ ወንበር ላይ ጌታ አገኘኝ

ወገኖቼ፣ እስቲ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ። ጌታ ያደረገልኝን በልቤ እንደያዝኩ ከዚህ አዳራሽ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ። ዛሬ ግን ሳልናገር ብወጣ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። መድረክ ላይ መቆም አልለመድኩም። ተርጓሚያችንም ይታገሰኝ፣ ልቤ ሲሞላ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እቀላቅላለሁ። ገለተ ዋቃ! ክብር ለጌታ ይሁን!

በቀለ ጉርሜሳ እባላለሁ፣ የዚሁ የመቱ ልጅ ነኝ። በክራንች ስሄድ አይታችሁኛል። ከየት እንዳመጣሁት ግን ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ወታደር ነበርኩ። ጢሜ በቅጡ ሳይወጣ ነው ተመልምዬ የሄድኩት። ሰሜን ግንባር ምሽግ ውስጥ እያለን የመድፍ ጥይት አጠገባችን ወደቀ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የድንኳን ጣሪያ ነው። ወገቤ ውስጥ እሳት ያለ ይመስለኛል፣ ግራ እግሬን አዘዋለሁ፣ አይሰማኝም። ያን ጊዜ ቁስለኛ በዝቶ ስለነበር ሐኪሞቹ የላዩን ሰፍተው ወደ ኋላ አሳለፉን። ክፍላችንም ተበትኖ ከሌላ ክፍል ጋር ተቀላቀለ። ስሰናበት ወረቀቴ ላይ ስለ ቁስሉ አንድም ቃል አልነበረም። እኔም ልጅ ነኝ፣ ቤቴ መግባቴን እንጂ ሌላ ምን አስቤ! እያነከስኩ መጣሁ።

ከዚያ ጎሬ ሄጄ የቡና ጆንያ ተሸካሚ ሆንኩ። አዎ፣ በዚያ እግር! አንድ ቀን ጆንያውን እንደተሸከምኩ ከአይሱዙ ላይ በጀርባዬ ወደቅኩ። ሌላ ጊዜ ከጎሬ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ በዝናብ ተንሸራትቶ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። ሰው በመስኮት ጎትቶ አወጣኝ። ተነሳሁ፣ ልብሴን አራገፍኩ፣ ሄድኩ። እነዚህን ነገሮች ያዙልኝ፣ ያኔ እኔ ራሴ ከቁም ነገር አልቆጠርኳቸውም።

እግሬ እየዋለ እያደረ ባሰበት። ጆንያው ቀረ፣ ክራንቹ መጣ። ባለቤቴ ጫልቱ ገበያ ላይ ኮረሪማና ዝንጅብል እየሸጠች ቤቱን ያዘች። እሷ አማኝ ነበረች። እኔ ግን የጌታ ስም ሲጠራ ደስ አይለኝም ነበር። "እዚያ ምሽግ ውስጥ የት ነበር?" እላታለሁ። ስወጣ ጠብቃ ትጸልይልኛለች። ጌታ ይባርካት፣ ያቻትና እዚያ ጋ ተቀምጣለች!

ጡረታ ቢሮ ሄደህ የጉዳት ጡረታ ጠይቅ ያለችኝም እሷ ናት። ጠየቅኩ። ወገኖቼ፣ ያንን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ማመልከቻ አስገባ፣ ይባላል። አስገባሁ። ፋይልህ አዲስ አበባ ነው፣ ጠብቅ፣ ይባላል። ጠበቅኩ። ፋይሉ ሲመጣ ደግሞ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ የደረሰ ለመሆኑ ማስረጃ የለም ተባለ። አንዱ ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ "ቡና ስትለቅም ከዛፍ ወድቀህስ እንደሆነ በምን እናውቃለን?" አለኝ። እንዲያ ሲለኝ ክራንቹን ማንሳት አማረኝ። ጌታ ያዘልኝ እንጂ!

ከዚያ ደግሞ ስሜ። ውትድርና ስገባ በአማርኛ የተጻፈው ስሜ ሌላ፣ የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ በኦሮምኛው ቁቤ ፊደል የተጻፈው ሌላ ሆነና ሁለት ሰው ሆንኩ። ጉርሜሳና ጉርመሳ አንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት እስኪያረጋግጥ ዝናቡ ገብቶ ወጣ። እናንተ ትስቃላችሁ፣ እኔ ግን እዚያ የቢሮው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በሕይወት መኖሬንም መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

እዚያ ወንበር ላይ ነው ጋሼ ዋቅጅራን ያገኘኋቸው። የሁሩሙ ሰው ናቸው፣ ንብ ያነባሉ። እሳቸውም ወታደር ነበሩ፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ፈንጂ ወስዶባቸዋል። በጠዋት ሚኒባስ ይመጡና በበትራቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ተቀምጠው ደግሞ ዝም አይሉም፣ በቀስታ ይዘምራሉ! እኔን አንጀቴን ያሳርረኛል።

አንድ ቀን አልቻልኩም። "ጋሼ፣ ዓይንዎን የወሰደብዎትን ነው እንዲህ የሚያመሰግኑት?" አልኳቸው።

ወደ ድምፄ ዞሩ። አልተቆጡም። "ዓይኔን የወሰደው ፈንጂ ነው በቀለ" አሉኝ። "ፈንጂውን የቀበረው ደግሞ ሰው ነው። ጌታን የማውቀው ከዚያ በኋላ ባነሳኝ ነው።"

"እኔን ግን አላነሳኝም" አልኳቸው።

"እሺ" አሉ። ከጋቢያቸው ስር በቅጠል የተጠቀለለ ማር አወጡና በእጃቸው ፈልገው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ተከራክረውኝ ቢሆን አሸንፋቸው ነበር። በማሩ ተሸነፍኩ፣ በላሁት።

ከዚያ ወዲያ በቀጠሮዬ ቀን ሁሉ ጋሼ እዚያ ይገኛሉ። "ነገ ና" ስባል አብረውኝ ይሰማሉ፣ ተናድጄ ስወጣ አብረውኝ ይወጣሉ። ሠራተኞቹም ተለዋወጡ። ሰናይት የምትባል እህት መጣች፣ ፋይሌን ከሥር አገላብጣ አነበበችና፣ "ጋሼ በቀለ፣ እርስዎ የሕክምና ቦርድ ፊት ቀርበው አያውቁም እኮ። ሰውነትዎ ራሱ ይመስክርልዎት" አለችኝ። ጽፋ ወደ ጅማ ላከችኝ።

ሄድኩ። በደሌን አልፌ ጅማ እስክደርስ ወገቤ ሲነድ፣ ሲነድ! ሐኪሞቹ ተቀበሉኝ፣ ጠየቁኝ፣ የውስጥ አካል ፎቶ ወደሚያነሳው ማሽን አስገቡኝ፣ ውጭ ጠብቅ አሉኝ። ከመጠበቅ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ጠበቅኩ።

ቆይቶ አንድ ወጣት ሐኪም ብቅ አለና አየኝ። ተመልሶ ገባ። ሌላ ሐኪም ጠርቶ አብረው ወጡና አዩኝ። በሦስተኛው አንዲት ትልቅ ሐኪም፣ ሽበት ያላቸው ሴት፣ ራሳቸው መጥተው በክንዴ ያዙኝ።

"አባቴ፣ እዚህ የመጡት በምንድን ነው?"

"በአውቶቡስ" አልኳቸው።

"ከአውቶቡሱስ?"

"በእግሬ።"

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወደ ውስጥ አስገቡኝና ፎቶዬን መብራት ላይ አሳዩኝ። በዚያ ሁሉ ጥቁርና ግራጫ ነገር መሀል አንድ ነጭ ስባሪ ቁልጭ ብሎ ይታያል። "ይሄ የመድፍ ፍንጣሪ ነው" አሉኝ ሐኪሟ። ያ ሠራተኛ ያለኝን ስነግራቸው ፈገግ ብለው፣ "ቡና ዛፍ ላይ ብረት አይበቅልም፣ እኛ እንጽፍልዎታለን" አሉኝ። እኔ በዚያ ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ግን፣ "ይቀመጡ፣ የጠራንዎት ለዚህ አይደለም" አሉ።

ጣታቸውን ስባሪው ላይ አደረጉ። "ይሄ አከርካሪዎ ነው። ይሄ ደግሞ ዋናው የደም ሥርዎ ነው፣ ከልብ ወደ እግር የሚወርደው። ብረቱ የተቀመጠው በሁለቱ መሀል ነው። ትንሽ ወደዚህ ቢል ደምዎ እዚያው ያልቅ ነበር። ትንሽ ወደዚያ ቢል ሁለቱም እግሮችዎ አይነሱም ነበር። እስኪ ይንገሩኝ፣ በእነዚህ ዓመታት ከባድ ነገር አንስተው ያውቃሉ?"

ወገኖቼ፣ ጸጉሬ ቆመ! ጆንያው መጣብኝ። ጎሬ ላይ ሙሉ ቀን በጀርባዬ ያመላለስኩት ጆንያ! ከአይሱዙ መውደቄ! ሚኒባሱ ሲገለበጥ! አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ወጣቱ ሐኪም መጻፉን ትቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እኔ ሐኪም ነኝ" አሉ ሴትየዋ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ። "ሥጋዎ ዙሪያውን ሸፍኖ ይዞታል፣ ያንን ላብራራልዎት እችላለሁ። ገና ሳይሸፍነው ለምን እንዳልተንቀሳቀሰ ግን አላውቅም። አሁን አንነካውም፣ እየመጡ እንከታተልዎታለን።"

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። የት ነበር እያልኩ ስጠይቅ የኖርኩት እኔ! መድፉ ሲፈነዳ፣ ከመኪና ስወድቅ፣ ስሰድበው እንኳ፣ አንድ እጅ እዚያ ውስጥ፣ በብረቱና በደም ሥሬ መሀል ነበረ። ሀሌሉያ! ይሄ ምን ዓይነት አምላክ ነው! ሰው ያልፋል፣ ነርስ ያልፋል፣ እኔ ትልቁ ሰውዬ ክራንቼን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ። መጸለይ አላውቅም። "አንተ ነበርክ እንዴ? አንተ ነበርክ እንዴ?" ብቻ እላለሁ።

ግን ጌታ በዚህም አልተወኝም።

መቱ ተመልሼ የቦርዱን ማስረጃ ለሰናይት አስረከብኩ። የዚያን ቀን ጋሼ ዋቅጅራ ወንበሩ ላይ አልነበሩም። "ጋሼስ? ጉዳያቸው አለቀ እንዴ?" አልኳት።

ሰናይት ግራ ገብቷት አየችኝ። "አያውቁም እንዴ? የእሳቸው ጉዳይ እኔ እዚህ ቢሮ ሳልመጣ በፊት ነው ያለቀው።"

"ታዲያ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ?"

"እርስዎ በሚቀጠሩበት ቀን ነው የሚመጡት ጋሼ። ቀጠሮዎን ከእኔ ጠይቀው ይሄዳሉ። ዛሬ እርስዎ እንደሚመጡ ስላላወቁ ነው የሌሉት።"

ዓይነ ስውር ሰው! ከሁሩሙ መቱ፣ በዝናብ፣ በጭቃ፣ አጠገቤ ለመቀመጥ ብቻ! እዚያው ባገኘሁት ሚኒባስ ላይ ወጥቼ ሁሩሙ ወረድኩ። ሰው መርቶኝ ጓሯቸው ስደርስ ቀፎ አጠገብ ቆመው ጭስ ያጨሳሉ። የክራንቼን ድምፅ ሰሙ።

"በቀለ ነህ? ምን አሉህ ጅማ?"

"እሱን ይተዉትና" አልኳቸው፣ "ጋሼ፣ ለምንድን ነው ሲመጡልኝ የኖሩት? እኔ እኮ ለእርስዎ ምንም አይደለሁም።"

ማጨሻውን አስቀመጡ። "እኔ ስጠብቅ ብቻዬን ነበርኩ" አሉኝ። "በጣም ከበደኝ። ጌታ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ያንተ ድምፅ ደግሞ ልክ የእኔን የዚያን ጊዜ ድምፅ ይመስል ነበር። ከመቀመጥ በቀር ምን አደርግልሃለሁ ልጄ?"

ሁለቱ እጆች፣ አንዱ ውስጤ፣ አንዱ አጠገቤ፣ የአንድ ጌታ መሆናቸው ያን ጊዜ ገባኝ። እዚያው ሣሩ ላይ ተንበረከክኩ። ወገቤ መንበርከክ አይወድም፣ የዚያን ቀን ግን እሺ አለኝ። ጋሼ ዋቅጅራ ራሴን በእጃቸው ፈልገው አገኙና ጸለዩልኝ። በኦሮምኛ ነው የጸለዩልኝ፣ በአማርኛ ነው አሜን ያልኩት። ኢየሱስን ጌታዬ አልኩት። ክብር ለስሙ ይሁን!

ከዚያ በኋላ በማግስቱ ነገሩ ሁሉ አለቀ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ፋይሉ አዲስ አበባ ሄደ፣ አንድ ማኅተም ጎድሎት ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ጠበቅኩ። ግን ወገኖቼ፣ መጠበቁ ያው ሆኖ እኔ ያው አልነበርኩም! ወንበሩ ላይ ስቀመጥ አጠገቤ ያለውን ሰው ስሙን መጠየቅ ጀመርኩ። እኔና ጋሼ ዋቅጅራ አብረን መዘመር ለመድን፣ ስንዘገይ ዘበኛው እንኳ፣ "ዛሬ ዘግይታችኋል" ይለን ነበር።

ሰናይት "ጸድቋል ጋሼ በቀለ!" ብላ በጮኸችበት ቀን ክራንቼ መሬቱን የነካ አይመስለኝም። ገበያ ሄጄ ለጫልቱ ነገርኳት። እዚያው ሰው መሀል ኮረሪማዋ ላይ ተደፋች። ቀና ስትል ግን ያለችኝን አልረሳውም። "በቀለ፣ እኔ ይሄን አይደለም ስለምን የነበርኩት። አንተን ነው የለመንኩት። የለመንኩትን ከተቀበልኩ ቆየሁ" አለችኝ። ሀሌሉያ! ገለተ ዋቃ!

ዛሬ ጡረታዬን አገኛለሁ፣ ለክትትል ጅማ እሄዳለሁ፣ ሐኪሞቼን አመሰግናለሁ። እግሬ አልተመለሰም። ሌሊት አንዳንዴ ያመኛል። እኔ ግን ሲያመኝ የማን እጅ እንደያዘኝ አውቃለሁ፣ ያንን ሳውቅ ፍርሃቱ ይሄዳል። ቅዱሳን፣ ይሄ እጅ የእኔ ብቻ አይደለም። የፍርድ ቤት ቀጠሮ የምትጠብቁ፣ የሐኪም ውጤት የምትጠብቁ፣ ከቤት የወጣ ልጅ የምትጠብቁ፣ ጌታን እመኑት። ዝም ያለ ሲመስላችሁ ሥራ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልበልና ልውረድ። ትናንት እዚያ ቢሮ ወንበሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ የሚጠብቅ አንድ ወንድም ጋብዤ ነበር። "እመጣለሁ፣ ግን አልገባም" አለኝ። ስሙን አልጠራም። ከበሩ ውጭ በዝናቡ ቆመህ እየሰማኸኝ እንደሆነ አይቻለሁ። ወንድሜ፣ ማንም ምንም አይጠይቅህም፣ ማስረጃም አያስፈልግም። ጋሼ ዋቅጅራ አጠገብ ቦታ አለ። ግባ።