አምስት ሆነን እንሄዳለን

ሉቃስና ጥሩዬ ሰበታ ካለው ግቢዬ ሁለት ክፍል ተከራይተው ሲገቡ ትልቋ ልጃቸው ሜሪ ገና በሆድ ነበረች። እነሱ የሆሳዕና ሰዎች፣ ጴንጤዎች ናቸው፤ እኔ ደግሞ የደብረ ታቦር ልጅ፣ በግቢዬ በር ላይ ሱቅ ያለኝ፣ አፌ የማያርፍ ሴትዮ ነኝ። ሆኖም ተዋደን ኖርን። ሉቃስ አበባ እርሻ ውስጥ የአንድ ግሪንሃውስ ኃላፊ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ጽጌረዳ ሲያበቅል ለሚስቱ አንዲት አበባ ይዞላት ገብቶ አያውቅም፤ ሰረቀ እንዳይባል ይፈራል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

ካቻምና እርሻው ግማሹን ግሪንሃውስ ዘጋና ሠራተኛ መቀነስ ጀመረ። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሁሉም እሳት ሆነ። እኔም ኪራይ ጨምሬያለሁ፣ አልደብቅም፤ እኔስ በምን ልኑር? የሉቃስ ስም ከሚቀነሱት መሃል እንዳለ ተሰማ። እዚህ ጭንቅ ላይ ሳሉ ኡጋንዳ ያለ አበባ እርሻ ውስጥ የሚሠራ የድሮ አለቃው ደወለለት። ደሞዙ በዶላር ነው፤ የእሱን ትኬትና የሥራ ፈቃድ ድርጅቱ ይችላል፤ የቤተሰቡ ግን በራሱ ነው።

ሉቃስ ታዲያ ሒሳቡን ሳያይ እሑድ ቸርች ውስጥ ቆሞ መሰከረ። ጌታ በር ከፍቶልናል፣ አምስት ሆነን እንሄዳለን አለ። ጉባኤው እልል አለ፣ ተጸለየላቸው፣ ሻንጣ ሳይቀር ተሰጣቸው። ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛ እንኳ ስለት የምናስገባው ከደረሰልን በኋላ ነው፣ እናንተን ምን አስቸኮላችሁ አልኩት። ፈገግ አለና፣ "እምነት ነው፣ እትዬ ወርቅውሃ" አለኝ።

የዚህንና የዚያን ኑሮ ማወዳደር የጀመሩት ከምስክርነቱ በኋላ ነው። ወንዲ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር አለ፣ ካምፓላ ተቀምጦ የካናዳ ፕሮሰስ ሲጠብቅ ከርሞ ባዶ እጁን የተመለሰ። እሱን ጠሩት። "አካም ጅርቱ፣ አዴ ወርቅውሃ" ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶኝ ሱቄ በር ላይ ተቀመጠ። ጥሩዬ መጀመሪያ የጠየቀችው የጤፍ ዋጋ ነው። ሲነግራት ሉቃስ እጁን ራሱ ላይ ጫነ፤ ጤፉ ብቻውን የደሞዙን ሲሶ ሊበላ ነው። ወንዲ ሳቀባቸው። ማቶኬ የሚባል ሙዝ ቀቅላችሁ ትበላላችሁ እንጂ እዚያ ሄዶ እንጀራ አለ እንዴ፣ ቆጮ ያሳደጋችሁ ሰዎች ለዚህ ትጨነቃላችሁ አላቸው። ሁላችንም ሳቅን። ቀጥሎ የቤት ኪራይ፣ ከሰል፣ መጓጓዣ ተነሳ፤ ከተቆጠበ ይበቃል ወደሚለው ተጠጉ። ጥሩዬ ልብስ ስታጥብ ስትዘምር ሰማኋት።

የገደላቸው ትምህርት ቤቱ ነው። እዚህ ሜሪም ወንድሟ ቲቶም የሚማሩት መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ እርሻው አጠገብ ያለው ግን ያስከፍላል፣ ያውም በየተርሙ። ሉቃስ ቢደምር፣ ቢቀንስ፣ የሚበቃው ለአንድ ልጅ ነው። ለቲቶ ከከፈለ ሜሪ ትቀራለች፣ ለሜሪ ከከፈለ ቲቶ። ትንሿ ያኔት ገና ዳዴ ትላለች።

ብቻህን ሂድና ላክላቸው አልኩት። ጥሩዬ አላስጨረሰችኝም፤ የእህቷ ባል ደቡብ አፍሪካ ሄዶ እዚያው ሌላ አግብቶ ቀርቷል። ቅሩ እንዳልል የሉቃስ ስንብት ደረሰ። ቸርቹ ደግሞ በየሳምንቱ መቼ ነው የምትሄዱት ይላል። ውሉን ሰኞ ፈርሞ መላክ አለበት። ሰውየው እህል አልወርድ አለው። ያሳዝነኝም ነበር፣ ያናድደኝም ነበር።

እኔ ልጅ የለኝም። ሜሪ ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች፣ የምታጠናውም ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ ነው። ቅዳሜ ጥሩዬን ወደ ሱቄ ጠራኋትና ሜሪን ለእኔ ተዪልኝ፣ እንደ ልጄ ይዤ አስተምራታለሁ አልኳት። ከልቤ ነበር።

"እኔንም እናቴ እንዲህ ብላ ነው ለአክስቴ የተወችኝ" አለችኝ። "ታስተምራታለች ብላ። የሰው ዕቃ ሳጥብ አደግኩ። እርስዎን ማለቴ አይደለም፣ እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን ልጄን ትቼ አልሄድም።"

ሜሪ ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጣ ስትሰማ እንደነበር ያወቅኩት ደብተሯን ዘግታ ስትወጣ ነው።

"እማዬ፣ እኔ ትምህርት ቤት ባልገባስ?" አለች። "ያኔትን እኔ እይዛታለሁ። አንቺ ሥራ ትገቢያለሽ። የምትከፍሉት የቲቶን ብቻ ነው።"

ጥሩዬ ትቆጣታለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየደመረች ነበር። ሒሳቡ ገጠመ፣ እንዲያውም ትንሽ ይተርፋል። ያኔ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ያላለቀሰችው ልጅቷ ናት። አንድ ዓመት ብቻ እኮ ነው፣ ከዚያ እገባለሁ እያለች እኛን ታባብለናለች። ሉቃስ ሲነገረው አንገቱን ደፋ፤ እምቢ ግን አላለም። ሰኞ ፈረመ።

የሄዱ ዕለት ሜሪ ዩኒፎርሟን አጥባ፣ ተኩሳ አመጣችልኝ። ለሚያስፈልጋት ልጅ ይስጡልኝ አለችኝ። ለማንም አልሰጠሁትም፣ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው።

ይኸው ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ባለፈው ጥሩዬ ደወለችልኝ። ሥራ ይዛለች፣ ሉቃስ ደህና ነው፣ ቸርችም አግኝተዋል። ቲቶ እንግሊዝኛውን አቀላጠፈው አለችኝ፤ ደስ አለኝ። ሜሪስ፣ ትምህርት ቤት ገባች ወይ አልኳት።

"ጎበዝ ናት፣ እትዬ" አለችኝ። "ማቶኬ አሠራር ከሁላችንም በልጣ ለመደች።"

እሰይ አልኳት።