የእሳት እራትና ቆቅ

ቡሬ ገበያ፣ ከጣሊያን ምሽግ ግርጌ፣ አንዲት ወጣት ሴት ጌሾ ትሸጣለች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ታስራለች፤ የገዢውን እጅ እንጂ ፊቱን አታይም።

አንድ ቅዳሜ አዋጅ ነጋሪ፣ «ሸፍቶ ለገባ ሁሉ ምሕረት ተሰጥቷል!» እያለ አለፈ።

አጠገቧ ሽንኩርት የሚሸጡት አሮጊት ጠጋ ብለው፣ «ሰማሽ ልጄ? ባልሽ ቢገባ ምን አለ?» አሏት።

«እማማ፣ አምና የገቡት የት አሉ? ብርሃን አይቶ የሚገባ የእሳት እራት ነው። ቆቅ ውሻ አጠገቧ ሲያልፍ እንኳ ትንፋሿን ውጣ ጫጩቶቿ ላይ ትተኛለች።»

ወዲያው አንድ ባንዳ ከፊቷ ቆመ።

«አንቺ፣ ባልሽ የት ነው?»

«ባል የለኝም ጌታዬ። ወልጄም አላውቅ።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ከወዲያ ማዶ ግን የሌላ ሴት ሕፃን አለቀሰ፤ የቀሚሷም ደረት በወተት ራሰ።