ድንኳን በደረሰኝ

ከማራኪ ሰፈር ዝቅ ብላ ባለች አንዲት መንደር የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በየትነበርሽ እጅ ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም ያለ እሷ ፈቃድ ንቅንቅ አይልም። ጠላ ጠምቃ አራት ልጆች ያሳደገች፣ ሲነኳት የማትረሳ ሴት ናት። እሷም አትክደው፤ «ቂመኛ ነኝ፤ ምን ይጠበስ!» ትላለች።

ቂሙ የተቋጠረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ ነው። ያን ዓመት የከተማው በጀት ጎደለ ተባለና ክፍያ ያልተጣለበት ነገር ጠፋ፤ ለቆሻሻው፣ ለታፔላው፣ ለመታወቂያው። መንገድ ዳር ድንኳን ለሚተክልም ክፍያ መጣ። ለሰርግ ቢሆን እሺ፤ ለለቅሶም ጭምር! የትነበርሽ ይህን ከየት ትስማ? ባሏ ግንበኛው ምንዳዬ የሞተው በዚያው ሳምንት ነው። በተቀበረ ማግስት ዳኛው የሚባለው የሰፈሩ ክፍያ ሰብሳቢ ደንብ አስከባሪዎች አስከትሎ ከተፍ አለ።

«ደረሰኝ አላችሁ?»

«ኧረ በእመቤታችን፣ የመቃብሩ አፈር እንኳ አልደረቀም!» አሉት ለቀስተኞቹ።

«ታዲያ ከተማው በምን ይተዳደር? ሕግ ነው» ብሎ ድንኳኑን አስነቀለ። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቀረ፤ ገሚሱም ወደየቤቱ ሮጠ። እስከ ማታ ከየትነበርሽ ጎን ሳትነሳ ስትበሰብስ የዋለችው የራሱ የዳኛው እናት አበቡ ናት፤ «ይህን ከምወልድ ድንጋይ ብወልድ ይሻለኝ ነበር» እያለች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የትነበርሽ ከሐዘኗ እንደወጣች ግቢዋን የሞላውን ጌሾ ከነሥሩ ነቀለችው። «ምነው፣ እንጀራሽ አይደለም ወይ?» ሲሏት፣ «ከእንግዲህ ከዚህ ሰፈር ለለቅሶ የሚከፍል የለም፤ ድንኳኑ እዚህ ይተከላል» አለች። ጌሾ ከገበያ እየገዛች ትጠምቅ ጀመር። ትርፏ ቀነሰ፤ እሰይ፣ ይቀንስ!

ዘንድሮ በነሐሴ፣ ቅዳሜ ጧት፣ አበቡ አረፈች። የቤቷ በር አስፋልቱ ላይ ነውና ድንኳን ቢተከል መንገድ ላይ ነው። የእድሩ ሊቀመንበር አያ ክንዱ ዳኛውን ይዘው ድንኳኑን ሊያስወጡ መጡ። የትነበርሽ መርዶውን ስትሰማ አለቀሰች፤ አበቡን ትወዳት ነበር። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና «ደረሰኙስ?» አለች።

«ቢሮው ዝግ ነው፤ ሰኞ እከፍላለሁ» አለ ዳኛው።

«እንግዲያማ ሰኞ ይተከልልሃል!»

«እትዬ፣ ለዛሬ እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ለእኛ ያልነበረ ፈቃድ ዛሬ ከየት መጣ?»

«ኧረ ተይ፣ ለሟች ስትይ!» አሉ አያ ክንዱ።

«ለሟችማ ግቢዬ አለ። አበቡ ከእኔ ዘንድ ትለቀስ።»

አያ ክንዱ ራሳቸውን ያዙ። የወለዱት ልጅ ደጁ ላይ ቆሞ እናት በጎረቤት ግቢ ስትለቀስ የት ታይቶ ያውቃል? የትነበርሽም የፈለገችው ይኸንኑ ነው። ከቀብር መልስ ዶፉ ሲወርድ ሕዝቡ ግር ብሎ እሷ ድንኳን ገባ። ከፊት ተቀምጣ «እግዜር ያጥናሽ» ሲሏት ደረቷን ትመታ ነበር፤ የምታለቅሰውም ከልቧ ነው።

ዳኛው ብቻ በሩ ላይ ቀረ። ጋቢው ውሃ ያንጠባጥባል።

«እትዬ የትነበርሽ፣ እናቴን ላልቅስ፤ ልግባ?»

ልቧ ጮቤ ረገጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ይኸን ቀን ነው፤ ቶሎ እንዲያልቅባትም አልፈለገች።

«የማንን ለቅሶ ነበር ያፈረስኸው?» አለችው።

አንገቱን ደፋ። «የአያ ምንዳዬን። በድያለሁ።»

«አልሰማሁህም።»

ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ሰው ሁሉ ሰማ።

«ግባ» አለችው። «ግባ ያለችህ አበቡ ናት፤ እኔ አላልሁህም።»